የባሕር ዳርቻው ቁምጣ

ወዳጆቼ፣ ታሪኩን ከባሕር ዳርቻ ልጀምርላችሁ። ቡናማ ኮት የለበሰ አንድ ሰውዬ ሊዋኝ ይመጣል። ሱሪውን አውልቆ የዋና ቁምጣውን ሊለብስ ሲል ዞር ብሎ ያያል፤ እዚያው አጠገቡ አንድ ሰው ተቀምጧል። አፈረ። እንግዲህ ምን ይሁን? ቁምጣውን በሱሪው ላይ ይደርብና ሱሪውን ከሥር አሹልኮ ለማውጣት ትግል ይገጥማል። ይጎትታል፣ ይጠማዘዛል፣ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረበት ሰው ይመስላል። ያ ሁሉ መከራ ካለፈ በኋላ የፈራው ሰው ብድግ ይልና በነጭ በትሩ መንገዱን እየዳሰሰ ይሄዳል። ለካስ ዓይነ ስውር ኖሯል!

አወቃችሁት፤ ሚስተር ቢን ነው። ይህ የታየው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1990 በእንግሊዙ አይቲቪ በቀረበው የመጀመሪያ ክፍል ነው። በዚያው ክፍል ቤተ ክርስቲያን ገብቶ እንቅልፍ ሲጥለው፣ መዝሙሩን ስለማያውቀው ‹‹ሃሌ ሉያ›› የምትለዋን ብቻ ጠብቆ ድምፁን ሲለቅ እናያለን። ስብከት ላይ እንቅልፍ የታገለ ሰው ይህን ለመረዳት እንግሊዝኛ አያስፈልገውም። በየቤታችን ፊደል የቆጠረውም ያልቆጠረውም እኩል የሳቀው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ሚስተር ቢንን የሚጫወተው ሮዋን አትኪንሰን በ1955 በሰሜን እንግሊዝ፣ ኮንሴት ውስጥ ከገበሬ አባት ተወለደ። አንደበቱ የሚይዘው ልጅ ነበር፤ በተለይ ‹‹በ›› የሚለው ድምፅ ከንፈሩ ላይ ይቀርበታል። ኒውካስል ላይ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምሮ ለሁለተኛ ዲግሪው ኦክስፎርድ ገባ። እዚያም ደራሲውን ሪቻርድ ከርቲስንና ሙዚቀኛውን ሃዋርድ ጉዶልን አገኘ። መሐንዲሱም በዚያው መድረክ ላይ ቀረ።

ሌላ ሰው ሆኖ ሲጫወት መንተባተቡ እንደሚተወው ራሱ ተናግሯል። ይህን ስሰማ ልቤ ይነካል። በ1979 ቢቢሲ ላይ በጀመረው ‹‹ኖት ዘ ናይን ኦክሎክ ኒውስ›› በተሰኘ የአጫጭር ጭውውቶች ዝግጅት ታወቀ። ከ1983 እስከ 1989 በዘለቀው ‹‹ብላክአደር›› ደግሞ ምላሱ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ሰው ሆኖ ተጫወተ። የሚያስቸግረውን ‹‹በ›› ጠበቅ አድርጎ፣ አፈንድቶ ይጠራዋል፤ ተመልካቹም ያቺን አጠራር እየጠበቀ ይስቃል። የያዘውን ነገር እንዲህ አድርጎ ያዘው!

ታዲያ ምላሱ እንዲህ ከሰላለት በኋላ ምን አደረገ መሰላችሁ? ዝም አለ። ኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ የጠነሰሰው አንድ ቃል አልባ ሰው ነበረው። በ1987 ካናዳ፣ ሞንትሪያል ላይ በተካሄደ የቀልድ ፌስቲቫል እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ጋር መቅረብ ሲችል፣ ‹‹ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ዘንድ ልቅረብ›› አለ። ቋንቋውን ለማይሰማ ሰው ይሠራ እንደሆነ ሊፈትን ነው። ሠራ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ሰው ሚስተር ቢን ተብሎ መጣ።

የቴሌቪዥኑ ክፍሎች 15 ብቻ ናቸው። ፊልሞቹ በ1997ና በ2007 ወጡ፤ በመካከሉም አትኪንሰን ጆኒ ኢንግሊሽ የሚባል ሰላይ ሆኖ መጣ። እኔ ግን ከፊልሞቹ ይልቅ አጫጭሮቹን እመርጣለሁ፤ ቢን አንዲት ትንሽ ችግርና አንድ ክፍል ይበቃዋል።

በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ሲከፈት አየሁት። የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ስለ ሯጮች የተሠራውን የ‹‹ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር›› ፊልም ሙዚቃ ይጫወታል። እሱ ከመሐል ተቀምጦ አንዲት ኖታ በአንድ ጣቱ ደጋግሞ ይነካል። ሰለቸው። ንፍጡ መጣ፤ መሐረብ ፍለጋ ቦርሳው ውስጥ ሲገባ ኖታዋ እንዳትቋረጥ በጃንጥላው ጫፍ ይነካት ጀመር። ከዚያ በሐሳብ ጭልጥ አለና በሕልሙ ከሯጮች ጋር ሲሮጥ አየነው፤ የሚሮጠውም ባሕር ዳርቻ ላይ ነበር።