የወረታ ወንበር

የፎገራን ልጆች የትምህርት ነገር እንጽፋለን። የነገሥታቱን ዘመቻ የጻፈ ብዙ ነው፤ የተማሪን ዜና የጻፈ ግን ጥቂት ነውና።

አስቀድሞ ተማሪ ማለት የቆሎ ተማሪ ነበር። ድጓ ሊያስመሰክር ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ሊማር ወደ ዙር አምባ የሚወጣው ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ የሚሆን በትር ይዞ ይሄድ ነበር። ከደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ ይሰጡታል። አገርህ ወዴት ነው ብሎ የሚመልሰው አልነበረም፤ የሸዋው፣ የትግሬውና የጎጃሙ ልጅ ባንድ ጎጆ ያድሩ ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስም በደብረ ታቦር ሳሉ፣ በዚያው አቅራቢያ በጋፋት የሰፈሩት ሚሲዮናውያን ለአገሩ ወጣቶች ፊደልና የእጅ ሥራ አስተማሩ። በዚያ ስለ ተሠራው ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ሁሉ ያወራል፤ ተማሪ ቤቱን የሚያነሣ ግን የለም። ይህ በደል ነው።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ ተማሪ ቤት ከፈቱ፤ መምህራንንም ከግብፅ አስመጡ። አስቀድመው የገቡት የመኳንንት ልጆች ናቸው። ለፎገራ ገበሬ ልጅ ተራው እስኪደርስ ብዙ ዘመን አለፈ።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ የሚሰጥባቸውም ቋንቋዎች ኋላ 15 ደረሱ። እናት ከልጇ ጎን ተቀምጣ ፊደል ቆጠረች። በዚያው በደርግ ዘመን ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳችን ገባ፤ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት ተዘራ፤ ውኃ የሚተኛበት ጥቁር መሬትም ሲሳይ ሆነ። ቻይናውያን ከከተማችን ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወጣውን መንገድ ሠሩ። መንገዱና ሩዙ ወረታን አሰፏት፤ ተማሪውም በዛ።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ዛሬ በወረታ ባንድ ወንበር ሦስት ልጆች ይቀመጣሉ። አንዱ የሩዝ አራሚ ነው፤ ጭቃው በጥፍሩ ሥር ደርቋል። ሁለተኛይቱ የነጋዴ ልጅ ናት፤ ሂጃቧን አስተካክላ ደብተሯን ትዘረጋለች። ሦስተኛው የደጋ ልጅ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ወደ አገሩ ወጥቶ፣ እሑድ ማታ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። እርሳስ የጎደለው ከጎኑ ይዋሳል። እኔ ከዚህ ወንበር የከበረ ነገር በዚህ ሜዳ አላየሁም።

ነገር ግን የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ይሞላሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሞልተው ሜዳውን አጥለቀለቁት፤ ሕዝብም ከቤቱ ተፈናቀለ። ከዚያም ወዲህ ውኃው መምጣቱን አልተወም፤ በጣና ዳር ያሉት የናበጋና የዋገጠራ ልጆች መንገዳቸው በውኃ ይያዛል።

እንግዲህ እናንተ የወረታ መምህራን ሆይ፣ የናበጋ ልጅ በመስከረም ቢዘገይ ስሙን ከመዝገብ አትሰርዙት። ወንበሩን ጠብቁለት።