ሳይቃጠል በቅጠል፦ የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያዎች በሐበሻ ቤት

ኮሎምበስ ኦሃዮ ውስጥ በአንድ ሐበሻ ቤት ጣሪያ ላይ የተሰቀለ የጭስ ማንቂያ (በተለምዶ ስሞክ ዲቴክተር የምንለው) ጠላቱ ብዙ ነው። ቡና ሲቆላ ይጮኻል፤ ዕጣን ሲጨስ ይጮኻል፤ ለወጥ ሽንኩርት ሲቁላላ ይጮኻል። የተኛ ሕፃን ይነቃል፣ እንግዳ ይደነግጣል፣ አንዱ ወንበር ላይ ይወጣና ባትሪውን ያወጣዋል። «በኋላ እመልሰዋለሁ» የተባለው ባትሪም መሳቢያ ውስጥ ይከርማል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ለዓመታት ባሰባሰበው መረጃ መሠረት፣ በመኖሪያ ቤት ቃጠሎ ከሚሞቱ 5 ሰዎች መካከል 3ቱ ያህል የሚሞቱት ማንቂያ በሌለበት ወይም ያለው በማይሠራበት ቤት ነው። ለማይሠራ ማንቂያ ዋናው ምክንያት ደግሞ ባትሪው መውጣቱ ወይም ማለቁ ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት ጥያቄው «ማንቂያ አለን ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ቡናችንን እያፈላን እንዴት ሳናጠፋው እንኑር?» የሚል ነው።

ሁለት መሣሪያ፣ ሁለት ሥራ

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፣ የጭስ ማንቂያ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያውቅም፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያም ጭስን አያውቅም። ሁለቱን በአንድ አካል የያዙ አሉ፤ ነገር ግን ይህ በላያቸው ላይ መጻፉን ማየት ያስፈልጋል።

የጭስ ማንቂያዎች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው አዮናይዜሽን ይባላል፤ በውስጡ እጅግ ጥቂት አሜሪሲየም የተባለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር አለው። በነበልባል ለሚጀምር እሳት ፈጠን ይላል፤ ለማብሰያ ጭስ ግን በከንቱ ይጮኻል። ሁለተኛው ፎቶኤሌክትሪክ ነው። ይህኛው በብርሃን ጨረር የሚሠራ ሲሆን፣ በሶፋና በፍራሽ ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚጨስ እሳት የተሻለ ነው፤ ከኩሽና ጋርም ይበልጥ ይስማማል። ቡና በየቀኑ ለሚቆላበት ቤት፣ ለኩሽናው ቅርብ በሆነው ቦታ ፎቶኤሌክትሪክ መምረጥ ይበጃል።

የጭስ ማንቂያ መለኪያው ዩኤል 217 የተባለው ደረጃ ነው። አዲሱ እትሙ ማንቂያው ከሶፋ ስፖንጅ የሚነሣውን ጭስ በጊዜ እንዲለይ፣ በማብሰያ ጭስ ደግሞ ቶሎ እንዳይጮኽ ያስገድዳል። የማብሰያው ፈተና የሚካሄደው ሃምበርገር በመጥበስ ነው። ቡና መቁላት በፈተናው ውስጥ የለም! ስለዚህ አዲስ ማንቂያ ቢገዙም ርቀቱን ማስተካከል የእርስዎ ፋንታ ነው፦ ከምድጃው ቢያንስ 10 ጫማ (3 ሜትር) ያርቁት፤ ለጊዜው ዝም የሚያሰኝ ቁልፍ ያለውን ይምረጡ፤ ቡና ሲቆሉ የምድጃውን አየር መሳቢያ ይክፈቱ። በየመኝታ ክፍሉ፣ ከመኝታ ክፍሎች ውጭ ባለው መተላለፊያ፣ እንዲሁም ቤዝመንትን ጨምሮ በእያንዳንዱ ፎቅ አንድ አንድ ማንቂያ ሊኖር ይገባል።

«ከሰሉ ፍም ሆኗል» ማለት አያድንም

አገር ቤት እናቶቻችን ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለው፣ ጭሱ ወጥቶ ፍም ሲሆን ነው ወደ ቤት የሚያስገቡት። ልማዱ ጭስን ይቀንሳል፤ መርዙን ግን አያስቀርም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ቀይ ሆኖ የሚያምረው ፍምም አብዝቶ ያወጣዋል። በአዲስ አበባ በክረምትና በብርድ ወራት ከሰል አንድደው በራቸውን ዘግተው የተኙ ሰዎች ሕይወት እንደሚያልፍ የከተማው የእሳትና የአደጋ ሥጋት ኮሚሽን ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። አሜሪካ ያለው ቤት ደግሞ ለብርድ ተብሎ በሚገባ የተደፈነ ስለሆነ አደጋው ይብሳል።

ይህ በስደት አገርም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 በሲያትልና በአካባቢው ከባድ ነፋስ መብራት ባጠፋ ጊዜ፣ በከሰልና በጄኔሬተር ምክንያት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተመርዘዋል፤ የሞቱም አሉ። ቤት ውስጥ ከሰል ካነደዱት መካከል ብዙዎቹ ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ። ኮሎምበስም ከዚህ ነፃ አይደለችም፤ በሴፕቴምበር 2008 የአይክ አውሎ ነፋስ ቅሪት፣ በጁን 2022 ደግሞ ዝናብና ነፋስ ከተማዋን መብራት አሳጥተዋታል። መብራት ሲጠፋ ፈርኔሎ ወደ ሳሎን አይግባ፤ ጄኔሬተርም ከቤት ቢያንስ 20 ጫማ ይራቅ። ክረምት ላይ መኪና ጋራዥ ውስጥ ማሞቅም፣ የጋራዡ በር ቢከፈት እንኳ፣ ያው ነው። በጋዝ የሚሠሩ ፈርነስና ወተር ሂተር በየዓመቱ በባለሙያ ይታዩ።

አደጋው ከቤት ውጭም አለ። ከኮሎምበስ በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በማሪስቪል ከተማ፣ በጃንዋሪ 2022 በአንድ ሆቴል መዋኛ ክፍል ካርቦን ሞኖክሳይድ ተከማችቶ ሕፃናት ጭምር ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል።

ማንቂያው መቼ ነው የሚጮኸው?

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ደረጃ ዩኤል 2034 ይባላል። በአየሩ ውስጥ ጋዙ ከሚሊዮን 70 እጅ ሲደርስ ከ1 እስከ 4 ሰዓት፣ 150 ሲደርስ ከ10 እስከ 50 ደቂቃ፣ 400 ሲደርስ ደግሞ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጮኽ አለበት። ይህ የተወሰነው በአንድ ጤነኛ አዋቂ መጠን ነው። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃንና የልብ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ግን ማንቂያው ሳይጮኽም የሕመም ምልክት ካየ ችላ ሊል አይገባም። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ስለሆነ «ምች መታኝ» ወይም «ጉንፋን ነው» ይባላል። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከታመመና ከቤት ሲወጣ ከተሻለው፣ ነገሩ ምች አይደለም።

ድምፁንም ይለዩ። ሦስት ጊዜ ጮኾ ዕረፍት ከወሰደ እሳት ነው፤ አራት ጊዜ ጮኾ ካረፈ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አልፎ አልፎ አንድ አጭር ጢጥ ካለ ባትሪው ደክሟል ወይም ዕድሜው አልቋል።

የማይታመነው ማንቂያ

የመሞከሪያው ቁልፍ የሚነግርዎ ድምፁና ኤሌክትሪኩ መሥራቱን ነው፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለያው መድከም አለመድከሙን አይነግርዎትም። ስለዚህ ዕድሜው ወሳኝ ነው። ከጀርባው የተሠራበት ቀን ታትሟል፤ የጭስ ማንቂያ ከዚያ ቀን ጀምሮ 10 ዓመት ሲሞላው ይለወጣል። የካርቦን ሞኖክሳይዱ እንደ አምራቹ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው። በወር አንድ ጊዜ ቁልፉን ተጭነው ይሞክሩ።

ርካሽ ስለሆነ ብቻም አይግዙ። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በ2022 በኢንተርኔት የሚሸጡ አንዳንድ ማንቂያዎች ጋዙ እያለ እንደማይጮኹ ፈትኖ አስጠንቅቋል። የታወቀ ስምም ዋስትና አይሆንም፤ በ2018 ከታወቁ አምራቾች አንዱ 450,000 ያህል የጭስ ማንቂያ ሰብስቧል፤ ምክንያቱም ከፋብሪካ የቀረ ቢጫ ክዳን መለያውን ሊሸፍነው ይችል ነበር። የዩኤል ወይም የሌላ እውቅና ያለው የፍተሻ ተቋም ምልክት በራሱ በማንቂያው ላይ መኖሩን ያረጋግጡ።

ተከራይ ከሆኑ

በኦሃዮ የአከራይና የተከራይ ሕግ (ምዕራፍ 5321) ጤናንና ደኅንነትን የሚነኩ የቤት ደንቦችን ማክበር የአከራዩ ግዴታ ነው። ተከራዩም የቤቱን ዕቃ መንቀል ወይም ማበላሸት አይፈቀድለትም። ማንቂያው ካልሠራ ለአከራዩ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ቅጂውንም ያስቀምጡ። ካላስተካከለ በ311 ለከተማው ማመልከት ይቻላል። ከ30 ቀን በኋላም ካልተስተካከለ፣ ኪራይዎ ያልተጓደለ እንደሆነ፣ ኪራዩን ለአከራዩ ሳይሆን ለፍራንክሊን ካውንቲ ማዘጋጃ ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ማስያዝ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ከሦስት የማይበልጥ መኖሪያ ያለውን አከራይ በሚመለከት ግን ልዩ ሁኔታ ስላለ አስቀድመው ይጠይቁ። ለምን አመለከትክ ብሎ ኪራይ መጨመርም ሆነ ማስወጣት የተከለከለ ነው። የመግዣ አቅም ለሌለው የአሜሪካ ቀይ መስቀል የጭስ ማንቂያ በነፃ ይሰቅላል። በ2000 እዚሁ ኮሎምበስ የኢትዮጵያ ተዋሕዶ ማኅበራዊ አገልግሎት በሚል ስም የተቋቋመው ድርጅትም ለስደተኞች እገዛ የሚሰጥ ነው።

ሲጮኽ

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ከጮኸ መስኮት ከፍተው አይቀመጡ፤ ሁሉም ሰው ወደ ውጭ ይውጣ፣ ከዚያ 911 ይደውሉ። እንግሊዝኛ ካስቸገረዎ «አምሃሪክ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ። እሳት አደጋ መርምሮ ግቡ እስኪል ድረስ አይመለሱ።

ቡናችን ይፈላ፣ ዕጣናችንም ይጭስ። ቡናው ግን በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ ምድጃ ይሁን፤ የዕጣኑ ከሰል አነስተኛ ይሁን፣ መስኮትም ይከፈት፣ ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ። ዛሬ ማታ ደግሞ ወንበር አቅርበው የማንቂያዎን ጀርባ ይመልከቱ፦ ባትሪው አለ? ዓመቱስ ስንት ነው? «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይኸው ነው።

ቸር ያሰንብተን።