ደንገልና የጣና ባሕር ሸሽ

የጣናን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከገዳማቱና ከነገሥታቱ ይጀምራሉ። በዚህች አጭር ጽሑፍ ግን የዳርቻው ገበሬ፣ ዓሣ አጥማጅና ነጋዴ በየዕለቱ ሲገለገልበት ስለኖረው ደንገል እናነሣለን።

ደንገል በበዓል ቀን የምንጎዘጉዘው የቄጤማ ዘመድ ነው። ግንዱ ባለ ሦስት ማዕዘን ሲሆን ከ4 እስከ 5 ሜትር ይረዝማል፤ ጫፉ ላይ እንደ ጭራ የተበተነ ጸጉር አለው። ዋናው አካሉ ግን ከታች ነው። በጭቃና በውኃ ውስጥ አግድም የሚሄድ ወፍራም ሥር ያለው ሲሆን፣ ከዚህ ሥር ክረምት ከበጋ ሳይል አዲስ ቡቃያ ይወጣል። ያረጀው ዘንግ ሲደርቅ ከያዘው ምግብ ብዙውን ለሥሩ ይመልሳል። ስለዚህ የደረሰው ተመርጦ ቢታጨድ ያገግማል። ለጋው በላይ በላዩ ከተቆረጠ ግን ሥሩ ይደክማል። ውኃው ሸሽቶ ሥሩ ሲደርቅና ማረሻ ሲገለብጠው ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል።

ይህን ጠባዩን ጠንቅቀው የሚያውቁት ታንኳ ሠሪዎቹ የነገደ ወይጦ ተወላጆች ናቸው። የደንገል ታንኳ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ውኃ ጠጥቶ ስለሚከብድ ከጉዞ በኋላ አውጥቶ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚሄደው የማገዶ እንጨት በዚሁ ታንኳ ሲጓጓዝ ኖሯል። አዲስ ታንኳ በየጊዜው ይሠራል ማለት ደንገል በየጊዜው ይታጨዳል ማለት ነው። ሆኖም በማጭድ ብቻ አላለቀም። (የሚገርመው፣ ጥንት ግብፆች ወረቀት የሠሩበት ተክል በደጃችን እያለ የእኛ ጸሐፍት የመረጡት ብራናን ነው።)

የጣና ደንገል ውቅያኖስም አቋርጧል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. «ራ» የተባለችውን ጀልባ ያሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። ያቺ ጀልባ መንገድ ላይ ተበላሽታ ቀረች። በ1962 ዓ.ም. የተሠራችው «ራ ሁለት» ግን ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች።

የመመናመኑ ታሪክ ከማጭድ ይልቅ ከውኃው ጋር የተያያዘ ነው። በ1988 ዓ.ም. በዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠርቶ የሐይቁ ውኃ በሰው ቁጥጥር ሥር ዋለ። በ1995 ዓ.ም. ድርቁና ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውኃ ተደማምረው ሐይቁ እጅግ ወረደ፤ መርከቦችም ቆሙ። ሰፊ የደንገል ቦታ ደረቀ፤ የተገለጠው ባሕር ሸሽም ታረሰ። እዚህ ላይ ገበሬውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። መሬት የጠበበው ሰው እርጥበት ያለው ጥቁር አፈር በደጁ ሲገለጥ ጓያና ሽምብራ ቢዘራበት አያስደንቅም። ነገር ግን ውኃው ሲመለስ ደንገሉ አብሮ አልተመለሰም፤ ሥሩ ተነቅሎ ነበርና። ከጎርፍ ጋር የሚመጣውን ደለል የሚያስቀር፣ ዓሣም የሚጠለልበት አጥር በዚያው መጠን ሳሳ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ እምቦጭ በሐይቁ ላይ ታየ።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ሆኖም የባሕር ሸሽ ወሰን በየቀበሌው የሚያጨቃጭቅ ጉዳይ ነው፤ አባላትና የአስተዳደር አካላት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሊነጋገሩበት ይገባል። ለተከላው ችግኝ ጣቢያ አያስፈልግም። ደንገል ከሥሩ ተቆርጦ ይራባል፤ ቡቃያ ያለውን ቁራጭ ከተረፈው ወስዶ፣ ውኃ በማይለየውና ከብት በማይደርስበት ጭቃ መትከል ይቻላል።