ጨንቻና ዶርዜ፤ ሸማችን የተሠራበት ተራራ

ሰው የለበሰውን ልብስ ማን እንደ ሠራው ሳይጠይቅ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። እኔም እስካለፈው ዓመት የጥር ዕረፍት ድረስ እንዲሁ ነበርሁ። እንዲያውም ከዚህ የባሰ ጥፋት ነበረብኝ። በልጅነታችን አዲስ አበባ ውስጥ በሰፈራችን ስንጫወት «ዶርዜ» የሚለው ቃል የሕዝብ ስም መሆኑን ሳናስተውል ለስድብ እናውለው ነበር። ኳስ የሳተውን፥ ልብሱ ያደፈውን፥ ዐፈሩንም ድሀውንም በዚሁ ስም እንጠራ ነበር። ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ከታሪክ መምህራችንና ከክፍል ጓደኞቼ ጋር የዚያን ስም ባለቤቶች አገር ሄጄ ማየቴ ነው።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል፥ ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው፤ ስለዚህ መንገደኛው በአንድ ጧት ከቆላ ተነሥቶ ደጋ ይገባል። ወደ ኋላ ዞር ብሎ ለሚመለከት ቀላ ያለው የአባያና ሰማያዊው የጫሞ ሐይቅ በሁለት ወገን ተዘርግተው፥ በመካከላቸውም «የእግዜር ድልድይ» የተባለው የመሬት ጀርባ ተጋድሞ ይታያል። ወደ ላይ ሲወጡ ሙዙና ማንጎው ይቀርና እንሰት፥ ገብስና ቀርከሃ ይተካሉ። ጨንቻ ስንደርስ ከተማዪቱ በጉም ተሸፍና ነበር፤ ሹራብ ያልያዝን ልጆች በብርድ ተንቀጠቀጥን።

ጨንቻ ዛሬ ትንሽ የተራራ ከተማ ትምሰል እንጂ ቀድሞ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አርባ ምንጭ ስትቆረቆር የመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ወደ ቆላ ወረደ፤ ገበያዋና ብርዷ ግን ከጨንቻ ጋር ቀሩ። የዶርዜ መንደር የሚገኘው ወደዚችው ከተማ በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። ዶርዜዎች ከጋሞ ሕዝብ አንዱ ክፍል ናቸው፤ ቋንቋቸውም ከኦሞአዊ ቋንቋዎች ወገን ነው። በቍጥር ሲታዩ ጥቂት ይሁኑ እንጂ የእጃቸው ሥራ ያልደረሰበት የአገራችን ክፍል ጥቂት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ዐይናችንን የሳበው ቤታቸው ነው። ቤቱ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጠልፎ ይሠራና በቀርከሃ ቅርፊትና በኮባ ይለበሳል። አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል ይባላል። ከበሩ በላይ ወደ ፊት የወጣው ክፍል እንደ ዝሆን ግንባር፥ ጢስ የሚወጣባቸው ሁለት ቀዳዳዎችም እንደ ዐይን ሆነው ይታያሉ። ምስጥ የቤቱን ግርጌ እየበላ ሲሄድ ቤቱ ከዓመት ወደ ዓመት ያጥራል እንጂ ቶሎ አይፈርስም። ባለቤቱ ቦታ መለወጥ ቢፈልግ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ቤቱን ከነቁመቱ ተሸክመው ያዛውሩለታል።

በየግቢው ሴቶች በእንዝርት ጥጥ ሲፈትሉ፥ ወንዶች ደግሞ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አግብተው ሲሸምኑ አየን። ጥጡ የሚመጣው ከቆላው ነው። ከዚያው ሥራ ነጠላው፥ ጋቢውና ባለጥበቡ ቀሚስ ይወጣል። በዶርዜ ሽመና የባላገሩ የክብር ሥራ ነው፤ ልጅ ከአባቱ ይማረዋል።

ታዲያ ይህ የክብር ሥራ ስድብ የሆነው እንዴት ነው? መልሱ ከታሪክ ይገኛል። የጋሞ ደጋ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ የገባር ሥርዓት ተተከለበት። ብዙ ሸማኔዎችም ግብራቸውን ለመክፈልና ቤተ ሰባቸውን ለመርዳት መወርወሪያቸውን ይዘው ወደ አዲሲቱ ዋና ከተማ ተጓዙ። ከእንጦጦ ግርጌ፥ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ተቀመጡ። በዚያ ዘመን በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል የእጅ ሥራ የሚናቅ ነበር፤ አንጥረኛው፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ ፋቂውና ሸማኔው ሁሉ ይሰደቡ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ ግን የሰውን ምላስ አላሰረም። ሕዝቡ በበዓል ቀን የሸማኔውን ሥራ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፤ ሲመለስ ሸማኔውን ይሰድባል። ቅዱስ ጳውሎስ ራሱ ድንኳን ሰፊ እንደ ነበረ እያነበብን ይህን ማድረጋችን ያሳፍራል።

አንድ ሽማግሌ ቆጮ በማርና በዳጣ አቅርበው ተቀበሉን። በጉልምስናቸው ሽሮ ሜዳ ተቀምጠው ይሸምኑ እንደ ነበር፥ ለመስቀልም በየዓመቱ ወደ አገራቸው ይመለሱ እንደ ነበር አጫወቱን። ከጓደኞቼ አንዱ፥ «አባባ፥ ከአዲስ አበባ ለምን ተመለሱ?» ሲል ጠየቃቸው። ሽማግሌውም ፈገግ ብለው፥ «ልጄ፥ እዚያ የሚያውቀኝም የማያውቀኝም ዶርዜ ብሎ ይጠራኛል፤ እዚህ ግን በስሜ እጠራለሁ» አሉት። እኔ ቀና ብዬ ልመለከታቸው አልቻልሁም። የሰፈሬን ልጆች ድምፅ፥ በመካከሉም የራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

ይሁን እንጂ እውነቱን ለመጻፍ ያህል፥ ንቀት የከተማ ሰው ብቻ አይደለም። በጋሞ ደጋም ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ከባላገሩ ተለይተው ኖረዋል፤ በጋብቻ አይቀላቀሏቸውም ነበር። የተናቀ ሰው ራሱ ሌላውን ሊንቅ እንደሚችል ከዚህ ተማርሁ። ስለዚህ ማንም «እኔ ከዚህ ንጹሕ ነኝ» ሊል አይገባውም።

ከዚህ ሕዝብ የምንማረው ደግሞ ሌላ ታላቅ ነገር አለ። ጋሞዎች ሸንጎ የሚቀመጡበት አደባባይ ዱቡሻ ይባላል፤ በዚያ ሽማግሌዎች ጠብ ያበርዳሉ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በተነሣው ሁከት ከጋሞ ተወላጆች ብዙዎች ተገደሉ፤ ብዙዎችም ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። ያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። ሽማግሌ ሣር ይዞ ሲለምን አልፎት መሄድ በጋሞ ባህል ነውር ነውና ወጣቶቹ ተመለሱ። በዚያ ቀን ብዙ ንጹሐን ከሞት ዳኑ። አንድ ሕዝብ ልጆቹ ተገድለውበት ሳለ በቀልን በሣር ሲመልስ የት ተሰምቷል? እኛ በስድብ የምንጠራው ስም የእነዚህ ሽማግሌዎች ስም ነው።

ከጨንቻ ስንመለስ ለእናቴ አንድ ነጠላ ገዛሁላት። እቤት ደርሼ በሰጠኋት ጊዜ ጥለቱን እየዳሰሰች፥ «ማን ሠራው?» ብላ ጠየቀችኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን ዐወቅሁት፤ የሸማኔውንም ስም ነገርኋት።

አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። ድሩን ያደራውን ሰው እየናቅን ግን ኅብረት ሊገኝ አይችልም። በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን ተመርቀን የምንወጣ ተማሪዎች፥ ከመካከላችን ሐኪም፥ መምህርና ዳኛ የሚሆኑ አሉ። የትም ብንደርስ ሰውን በስሙ እንጥራ፤ ታናናሾቻችንም ይህን ከእኛ እንዲማሩ እናድርግ። እኔ በበኩሌ ያንን ቃል ለስድብ ከአፌ ላላወጣው ቃል ገብቻለሁ።