የኮምፒውተር የዓይን ድካም

የኮምፒውተር የዓይን ድካም ስክሪን ላይ ለረጅም ሰዓት በማተኮር የሚመጣ የዓይን መድረቅ፣ ማቃጠል፣ ብዥታና ራስ ምታት ነው። በምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ በመሥሪያ ቤት፣ በባንክና በጽሕፈት አገልግሎት ቀኑን ሙሉ የሚተይቡ ሰዎች ለዚህ ይጋለጣሉ።

መንስኤ፦ ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግን ይህ በግማሽ ሊቀንስ ስለሚችል ዓይኑ ይደርቃል። ከመስኮት የሚያንጸባርቅ ብርሃንና ተስማሚ መነጽር አለማድረግ ችግሩን ያብሱታል።

መከላከያ፦ ስክሪኑን ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ማራቅ፣ የላይ ጠርዙን ከዓይን ጥቂት ዝቅ ማድረግና መስኮቱ በጎን እንዲሆን ጠረጴዛውን ማዞር ይጠቅማል። «ቁ» እና «ቂ» የሚለዩት በአንዲት ጭረት አቀማመጥ ብቻ ስለሆነ፣ አማርኛ የሚተይብ ሰው ፊደሉን ያጉላ። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር፣ ለምሳሌ በግቢው ያለ ባሕር ዛፍ፣ ለ20 ሰከንድ ማየት ዓይንን ያሳርፋል።

ጥንቃቄ፦ የስክሪን ድካም ዓይነ ስውር አያደርግም። የአማራ ክልል ግን ትራኮማ በእጅጉ ከተስፋፋባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ስለሆነ፣ የማይለቅ መቆርቆር ወይም ፈሳሽ ያለው ሰው በድካም ሳያመካኝ ይመርመር። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታትና የዕይታ መቀነስ አስቸኳይ ሕክምና ይሻሉ።