በከፊል ሰዓት የሚሠሩ ሞግዚቶች የዓመት ፈቃድ በእንግሊዝ ሕግ፦ መብቱ የሚጎድለው በቆጠራው ነው

በእንግሊዝ አገር በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሰው ቤት እየተመላለሰች ልጅ የምትጠብቅ ሴት የዓመት ፈቃድ የላትም ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የሥራ ጊዜ ደንብ፣ ዛሬ ባለው ይዘቱ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በዓመት 5.6 ሳምንት ከነክፍያው ይሰጣል (ከኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የደንቡ አንቀጽ 19 በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩትን ሳምንታዊው የ48 ሰዓት ጣሪያና የሌሊት ሥራ ገደቡ እንዳይመለከታቸው አድርጓል፤ የዓመት ፈቃዳቸውን ግን አልነካም። በ2000 የወጣ ሌላ ደንብ ፓርት ታይም ሠራተኛ ከሙሉ ሰዓት ባልደረባው ያነሰ እንዳይያዝ ይከለክላል። ሞግዚት ግን በአንድ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ብቻዋን ስለምትሠራ ራሷን የምታነጻጽርበት ባልደረባ የላትም፤ ይህ ሁለተኛው ደንብ ለእርሷ እምብዛም አይጠቅማትም። መብቷ የቆመው በመጀመሪያው ደንብ ላይ ነው። እኔ እንደማየው መብቱ የሚሸረሸረው በሕጉ ቃል ሳይሆን በቆጠራው ነው።

የመነሻው ስሌት ቀላል ነው። በሳምንት አምስት ቀን የሚሠራ ሰው 28 ቀን ያገኛል፤ ሦስት ቀን የምትሠራው 16.8፣ ሁለት ቀን የምትሠራው 11.2 ቀን። ችግሩ የሞግዚት ቀናት እኩል አለመሆናቸው ነው። ሰኞና ማክሰኞ ወላጆች ከቢሮ እስኪመለሱ አሥር አሥር ሰዓት፣ ሐሙስ ደግሞ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ተቀብላ አራት ሰዓት ብቻ የምትሠራ ሴት እንውሰድ። ሳምንቷ 24 ሰዓት፣ የዓመት ፈቃዷ 134.4 ሰዓት ነው። በቀን ከተቆጠረ ሐሙስን የምትወስድበት ፈቃድ ሰኞን ከምትወስድበት ጋር እኩል «አንድ ቀን» ይሆናል፤ ቤተሰቡ ፈቃዷን ሐሙስ ሐሙስ እንድትጨርስ ቢገፋፋት የዋጋው ግማሽ ይጠፋል። በሰዓት ሲቆጠር ግን ሰኞ አሥር፣ ሐሙስ አራት ይቀነሳል፤ ማንም አይጎዳም። ክፍልፋዩን ወደ ታች ማጠጋጋትም አይፈቀድም፤ 16.8 ቀን 16 ሊሆን አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ ሒሳቡን የሚያዛባው የሕዝብ በዓላት ነገር ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በዓመት ስምንት ባንክ ሆሊደይ አለ። አሠሪው እነዚህን ከ28ቱ ቀን ውስጥ መቁጠር ይችላል፤ በእነዚያ ቀናት የማረፍ የተለየ ሕጋዊ መብት የለም። ብዙ ውሎች ግን «20 ቀን ሲደመር ባንክ ሆሊደይ» በሚለው በተለመደው አባባል ይጻፋሉ። ለሙሉ ሰዓት ሠራተኛ ይህ እንከን የለውም። ለሦስት ቀን ሞግዚት ሲተረጎም ግን «12 ቀን ሲደመር በሥራ ቀንሽ የሚውል በዓል» ይሆንና ዕጣዋን ለቀን መቁጠሪያው ይተወዋል። የ2025ን ዓመት እንይ። ከስምንቱ በዓላት አራቱ ሰኞ፣ ሁለቱ ዓርብ፣ አንዱ ረቡዕ፣ አንዱ ሐሙስ ዋሉ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ የምትሠራው አምስት በዓል ስላገኘች ድምሯ 17 ቀን ሆነ፤ ሕጉ ከሚጠይቀው ትንሽ በለጠ። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ የምትሠራው ግን ያገኘችው ሁለት በዓል ብቻ ነው፤ ድምሯ 14። ሕጉ የሚሰጣት 16.8 ስለሆነ 2.8 ቀን ተወስዶባታል። ሁለቱ የሚሠሩት ሰዓት አንድ፣ የውላቸውም ቃል አንድ ነው። በዚህ ዓይነቱ ውል ማንም ሳያስበው ሕግ ይጣሳል፤ ተጎጂዋም ቁጭ ብላ ካልደመረች አታውቀውም።

ሁለተኛው የመብት መሸርሸሪያ የቤተሰቡ ጉዞ ነው። ወላጆች በነሐሴ ለሁለት ሳምንት አገር ለቅቀው ሲሄዱ ሞግዚቷን «እኛ ስለማንኖር አትምጪ» ይሏታል፤ ክፍያውም አብሮ ይቀራል። የታወቀ የሳምንት ሰዓት ያለው ውል ካላትና ለመሥራት ዝግጁ ከሆነች፣ ውሉ ራሱ ካልፈቀደ በስተቀር ደመወዟን ማስቀረት በ1996ቱ የሥራ መብቶች ሕግ የተከለከለ ተቀናሽ ነው። ቤተሰቡ ያሉት መንገዶች ደመወዟን መክፈል ወይም እነዚያን ሳምንታት የዓመት ፈቃዷ አድርጎ መወሰን ናቸው። ለሁለተኛው የፈቃዱን ርዝመት እጥፍ የሚያህል ማስታወቂያ ይጠየቃል፤ ለሁለት ሳምንት አራት ሳምንት ቀድሞ መንገር ማለት ነው። ዋዜማ ላይ በስልክ መልእክት የተነገረ ጉዞ ይህን አያሟላም። ከቤተሰቡ ጋር ወደ ባሕር ዳርቻ ሄዳ ልጆቹን የምትጠብቅ ሞግዚትም ሥራ ላይ ናት እንጂ ፈቃድ ላይ አይደለችም።

እዚህ ላይ ግን ሕጉ ራሱ ደካማ ነው። ማስታወቂያው በወቅቱ እስከ ተሰጠ ድረስ አሠሪው የፈቃዷን ቀናት በሙሉ ለራሱ ጉዞ እንዲመች አድርጎ ሊወስን ይችላል። የሞግዚቶች ውል በተለምዶ ግማሹን ቤተሰቡ፣ ግማሹን ሞግዚቷ እንዲመርጡ ይላል፤ ይህ የልማድ እንጂ የሕግ ጥበቃ አይደለም። ልጇን አገር ቤት ትታ ለመጣች ሴት፣ ወይም ገናን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በታኅሣሥ 29 ለምታከብር ኢትዮጵያዊት፣ የራሷን ቀን መምረጥ አለመቻል እውነተኛ ጉዳት ነው። በ2024 የምዕራቡ ፋሲካ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 22፣ የእኛው ሚያዝያ 27 ዋለ፤ የእኛ ስቅለት ለለንደን ተራ የሥራ ዓርብ ነበር።

ሦስተኛው ጉዳይ ፈቃድን ከሰዓት ክፍያ ጋር ቀላቅሎ መክፈል ነው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2006 ይህን አሠራር ሕገ ወጥ ብሎት ነበር፤ ምክንያቱም ገንዘቡን አስቀድሞ የወሰደ ሠራተኛ በኋላ ለማረፍ አቅም ያጣል። ከዚያ በሐምሌ 2022 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሃርፐር ትረስት እና በብሬዝል ጉዳይ የሰጠው ፍርድ መጣ። ከሳሿ በትምህርት ወራት ብቻ የምታስተምር የሙዚቃ መምህርት ነበረች። ፍርድ ቤቱ ቋሚ ውል እስካላት ድረስ ሙሉ 5.6 ሳምንት ይገባታል፣ የማትሠራባቸው ሳምንታት አይቀነሱባትም አለ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለማትከፈል ሞግዚትም ፍርዱ ተመሳሳይ ትርጉም ነበረው። መንግሥት ግን ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለሚጀምሩ የፈቃድ ዓመታት ሻረው፦ ሰዓታቸው የሚለዋወጥ ወይም የዓመቱን ከፊል ብቻ የሚሠሩ ሰዎች ከሠሩት ሰዓት 12.07 በመቶ ብቻ ያጠራቅማሉ፤ ለእነርሱም ክፍያውን ከደመወዝ ጋር መቀላቀል ተፈቀደ፣ በደመወዝ ወረቀቱ ላይ ለብቻው እስከ ተጻፈ ድረስ። በሳምንት አሥር ሰዓት ለ38 የትምህርት ሳምንታት የምትሠራ ሞግዚት በፍርዱ 56 ሰዓት ይደርሳት ነበር፤ አሁን የሚደርሳት ወደ 46 ሰዓት ነው። ለውጡን ለአሠሪ የሚመች እንጂ ፍትሐዊ ነው ብዬ አልቀበለውም። ይልቁንም የሚያሳስበኝ ክፍያውን የመቀላቀል ፈቃዱ ከታሰበላቸው ሰዎች አልፎ መሄዱ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በሳምንት ሦስት የታወቁ ቀናት የምትሠራ ሞግዚት ከሁለቱም ምድብ ውጭ ስለሆነች «ፈቃድሽ በሰዓት ክፍያሽ ውስጥ አለ» ሊባልባት አይችልም።

ክፍያውም መሠረታዊው ደመወዝ ብቻ አይደለም። ማታ ማታ ወላጆች ሲወጡ ዘወትር ተጨማሪ ሰዓት የምትቆይ ከሆነ፣ ያ ገንዘብ ከ5.6ቱ ሳምንት ቢያንስ በአራቱ የፈቃድ ክፍያ ውስጥ ይገባል።

በ2011 ጄኔቫ ላይ የጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 በዓመት ፈቃድ ረገድ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር እኩል አያያዝ ይጠይቃል፤ ብሪታንያ በድምፅ አሰጣጡ ላይ ድምፀ ተአቅቦ አድርጋለች። የኢትዮጵያ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ሲደነግግ፣ እንደ ቤት ሠራተኛነት ያለውን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ከወሰኑ አውጥቶ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። አዲስ አበባም የተመላላሽ ሞግዚት ከተማ ናት። የእንግሊዝ ተሞክሮ የሚያሳየው ለሙሉ ቀን ሠራተኛ ተብሎ የተጻፈ ቁጥር በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ለምትሠራ ሴት ሲተላለፍ መንገድ ላይ እንደሚጎድል ነው። ስለዚህ በቤት ሠራተኞች ላይ ደንብ የሚያረቅቁ ባለሙያዎች የዓመት ፈቃድን በሰዓት እንዲቆጥሩ፣ ቢያንስ ግማሹንም ሠራተኛዋ ራሷ እንድትመርጠው እንዲደነግጉ አሳስባለሁ።