ብረቱ ቤት ለቤት የዞረበት ጊዜ

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ስለ ዕድራችንና ስለ በዓል ዝግጅታችን ሌሎች ጽፈዋል። እኛ ደግሞ ናይሮቢ ውስጥ በጋራ ስለምንሠራባት ትንሽ ጂም ጥቂት እናውጋችሁ።

ኬንያ የመጀመሪያውን የኮሮና ሕመምተኛ ያስታወቀችው እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2020 ነው፤ አገራችንም በዚያው ዕለት። ብዙም ሳንቆይ በራችንን ዘጋን። ከማርች 27 ጀምሮ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ሰዓት እላፊ ታወጀ። የጂም ሥራን ለማያውቅ ሰው ችግሩ የበሽታው ፍርሃት ብቻ ይመስለዋል። የእኛ እንጀራ ግን ሰው ከሥራ ሲመለስ፣ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር። ኋላ በሩ ሲከፈት እንኳ ያ ሰዓት ቶሎ አልተመለሰልንም። አከራያችን ከኪራዩ አንድ ሽልንግ አልቀነሱም (ይቅር ብለናቸዋል)።

በመጀመሪያ ኤሮቢክሱን በስልክ ቪዲዮ ሞከርነው። ሰው ሁለት ቀን ይሠራና ይጠፋል። ያቆመን ሌላ ነገር ነው፤ ዳምቤሉንና ምንጣፉን በሳምንት ሂሳብ ማከራየት ጀመርን። በቦዳቦዳ ጭነን ቤት ለቤት አደረስን፤ ክፍያው በኤምፔሳ። ሳፋሪኮም በዚያው ማርች እስከ 1,000 ሽልንግ የሚላክ ገንዘብ ያለ ክፍያ እንዲሆን ማድረጉ፣ እንደኛ በጥቂት በጥቂቱ ለሚሰበስብ ትልቅ እፎይታ ነበር።

ሜይ ላይ ኢስሊ መግቢያ መውጫው ለአንድ ወር ሲዘጋ ግን እዚያ ላሉት ልጆቻችን ብረት ማድረስ አልቻልንም። እነሱም የአዲስ አበባን የሰፈር ብልሃት አስታወሱ፤ በዱቄት ወተት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው፣ በብረት ዘንግ ጫፍና ጫፍ ተክለው ያነሱ ጀመር። ፎቶውን ሲልኩልን ሳቅን፤ አንዳንዶቻችን አለቀስን። ስንት ዓመት ወደ ኋላ እንደወሰደን!

በማርች 2021 ናይሮቢና ሌሎች አራት ካውንቲዎች እንደገና ሲዘጉ የተከራዮቹ ዝርዝር በእጃችን ስለነበር በማግስቱ ሥራ ጀመርን። ሰዓት እላፊው ኦክቶበር 20 ቀን 2021 ሲነሳ ሁለቱ የመሮጫ ማሽኖች ለኪራይ ተሸጠዋል፣ እኛም ወደ ጠበበች ክፍል ገብተናል። ከተከራዩት ዳምቤሎች አራቱ እስካሁን አልተመለሱም፤ እነማን ዘንድ እንዳሉ እናውቃለን።